በገብርኤል የተገዘተው መሪ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ናዝሬት ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንደኛው «ለምን ተመለስሽ?» ነው። ቪዛዬ የሦስት ሳምንት ነበር፤ ሦስት ሳምንቱ ሲሞላ ተመለስኩ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ሁለተኛው «ምን አየሽ?» ነው። የመኪና እሽቅድምድም አየሁ ስል ይስቃሉ። ቤተ መንግሥታቸውንም አይቻለሁ፣ በአውቶቡስ መስኮት፣ ከአጥሩ ውጪ። ነጭ ነው። ስለሱ የምጽፈው ይኸው ነው።

ብርቱካን እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ የምሠራው የከባድ መኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። አባቴ የተሳቢ ሾፌር ነበር፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆነው። አሜሪካ የጠሩኝ ታላቅ እህቱ እትዬ አስካለ ናቸው። የሚኖሩት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ከዋሽንግተን በስተሰሜን፣ በባቡር ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ቦታ።

ሰኞና ማክሰኞ

ከቤት የወጣሁት ሁለት ሻንጣ ይዤ ነው፤ አንዱም የኔ አልነበረም ማለት ይቻላል። አሜሪካ የሚሄድ ሰው መኖሩ ከተሰማ እዚያ ዘመድ ያለው ሁሉ ፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል። የዚህ ሽሮ፣ የዚያ በርበሬ፣ የአንዷ ደግሞ ለክርስትና የሚሆን ነጠላ። የኔ ልብስ በሽሮው መሀል ተጠቅጥቆ ስለሄደ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽሮ ሽሮ ስሸት ከረምኩ። እናቴ ደግሞ ለእትዬ ሁለት ኪሎ ቋንጣ አስራ ሰጠችኝ።

ቁጭ ማለት አልወድም። አውሮፕላኑ ላይ አንድ ሌሊትና ከዚያ በላይ ቁጭ አልኩ። ሌላ የሚነገር ነገር የለውም።

ስንወርድ ጓንት ያጠለቀች ሴትዮ ሻንጣውን ከፍታ ቋንጣውን በሁለት ጣቷ አነሳችው። ሥጋ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሥጋ ነው አልኳት። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው።

እትዬ አስካለ ከልጃቸው ጋር በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። አቅፈው ስመውኝ ሳይጨርሱ፣

«ቋንጣውስ?» አሉ።

«ወሰዱት።»

«ምን ብለሻቸው ነው?»

«ሥጋ ነው ወይ ሲሉኝ ሥጋ ነው አልኩ።»

«ቅመም ነው አይባልም? አይ አንቺ! እንዳባትሽ ነሽ። እሱም ውሸት አይችልም ነበር።»

ይህን ንግግራቸውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የሚነዳው ልጃቸው ዳዊት ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ የሄደው በሰባት ዓመቱ። አማርኛ ይናገራል፣ ሲቸኩል ግን በእንግሊዝኛ ይጨርሰዋል። መኪናው ኮሮላ ነው። ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ የተሳፈርኩት ናዝሬትን በሞላው ኮሮላ መሆኑ ትንሽ አናደደኝ። መንገዱ ግን እንደኛ አይደለም፤ አህያ የለ፣ ባጃጅ የለ፣ ጥሩንባ የሚነፋም የለ። እትዬ በየአምስት ደቂቃው «ቀስ በል!» ይላሉ፤ እሱም በየአምስት ደቂቃው «ማሚ፣ ስፒድ ሊሚት ላይ ነኝ» ይላል። እውነቱን ነበር፤ ከተፈቀደው ፍጥነት አላለፈም፣ ቆጣሪውን አይቻለሁ።

ረቡዕ

እትዬ የሚሠሩት ጌይተርስበርግ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ማታ ይገባሉ፣ ጠዋት ይወጣሉ፣ አርባ ደቂቃ ነድተው ይመለሳሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ቀን ቀን አንዲት አሮጊት ቤት ሄደው ያጥባሉ፣ ያበስላሉ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ በመስኮት ሳይ መኪናቸው ፓርኪንግ ገባች። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ቁልቁል ደህና አድርጎ ያሳያል። ሞተሩ ጠፋ፤ እሳቸው ግን አልወጡም። ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተው ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩ። የጠዋት ጸሎት ነው አልኩ። ሰው እቤቱ የሚጸልይበት ጊዜ ከሌለው መኪናውስ ውስጥ ቢጸልይ ምን አለበት?

ሲገቡ «ተነሳሽ?» አሉኝና ከነጫማቸው ሶፋ ላይ ጋደም አሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ቁርስ ላቅርብላቸው ብዬ ሽንኩርት ማቁላላት ጀመርኩ። እኛ ቤት ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው። ጭሱ ትንሽ ከፍ ሲል ጣሪያው ላይ የተሰካ ነገር ጮኸ፤ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። በፎጣ ባራግብ፣ መስኮት ብከፍት አልተወም። ጎረቤት በር ያንኳኳል። እትዬ ከሶፋው ተነሱ፣ ከበሩ ኋላ መጥረጊያ አነሱ፣ በእንጨቱ ጫፍ ጣሪያውን አንዴ ወጋ አደረጉት፣ ዝም አለ፣ ተመልሰው ተኙ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ዓይናቸው አልተከፈተም። ኋላ ስነግራቸው «እኔ? አልተነሳሁም» አሉኝ።

ቀኑን በከተማው ስዞር ዋልኩ። የአማርኛ ጽሑፍ ያላቸው ሱቆች አሉ፤ እንጀራ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሸጣል። አንዷ ባለሱቅ ከመቼ ወዲህ እንደመጣሁ ጠየቀችኝና ትናንት ስላት ሙዝ በነፃ ሰጠችኝ። ለምን ሙዝ እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ

ዳዊት የሚኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከአርሊንግተን ዝቅ ብሎ። ሌሊት ሌሊት አየር ማረፊያው አጠገብ የኪራይ መኪና ሲያጥብና ሲያቀያይር ያድራል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ ወሰደኝ። «አንቺ ፓርት ነው አይደል የምትሸጪው? የሆነ ነገር ላሳይሽ» አለኝ።

የሆነው ነገር ያለው ጓደኛው ማርቪን ግቢ ነው። ማርቪን የኤልሳልቫዶር ሰው ነው፣ አጭር፣ ደንዳና፣ ሁልጊዜ የሚያፏጭ። በጋራዡ ውስጥ ድሮ የቤት መኪና የነበረች አንዲት ነገር ቆማለች። መስታወት የላትም፣ በሮቿ ተበይደዋል፣ ያለቻት ወንበር አንድ ናት፣ ውስጧ እንደ አልጋ በብረት ቧንቧ ታጥሯል። ጎኗ ላይ ሰባ ሰባት ተጽፏል። ተንበርክኬ ከሥር አየኋት።

«የግራው ሾክ አብዞርበር ዘይት ያፈሳል» አልኩት።

ዳዊት ማርቪንን ዞሮ አየውና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለው። ሁለቱም ሳቁ። «አልነገርኩህም? ነው ያልኩት» አለኝ።

ወደ ብርሃን እናውጣት አሉ። ዳዊት በሾፌሩ በኩል ከጎን ገፋ፣ እኔ ከኋላ ገፋሁ። መኪናዋ ወደ ግድግዳው ስታመራ ክፍት በነበረው መስኮት እጁን አስገብቶ መሪውን መጠምዘዝ ሲችል «ማርቪን! ማርቪን!» ብሎ ጮኸ። ማርቪን ሮጦ መጥቶ መሪውን ያዘ።

«አጠገብህ አይደል? ለምን አንተ አትይዘውም?» አልኩት ዳዊትን።

«አልችልም።»

«ምን ሆነህ?»

«ማሚ ገዝታኛለች።»

መኪናዋን የሠራት ለራሱ ነበር። ሁለት ጊዜ ከተወዳደረ በኋላ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው አይቶት ለእትዬ ነገራቸው። እሳቸውም «ለውድድር የተሠራ መኪና መሪ እንዳትጨብጥ፣ በገብርኤል ገዝቼሃለሁ» አሉት። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ይፈታታል፣ ይገጥማል፣ ይገፋል፤ የሚነዳው ማርቪን ነው።

እዚያ ያደገ ልጅ ግዝት ይፈራል ብዬ አልጠበቅኩም። «ታምንበታለህ?» አልኩት።

«አይ ዶንት ኖው። ግን እኔ ብይዘውና ማሚ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

ማርቪን ግዝት ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ገብቶታል። ትከሻውን ነቀነቀና «ማማ ኢዝ ማማ» አለ።

ጉዳዩ ይህ ነው፤ ቅዳሜ ማርቪን ይወዳደራል፣ ከወር በኋላ ደግሞ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር አለ። ከዚያ በኋላ ማርቪን ወደ ቴክሳስ ይዛወራል፣ ጋራዡም መኪና የሚጎትተው ፒካፑም አብረውት ይሄዳሉ። ዳዊት አሁን ካልነዳ ሌላ ጊዜ አይነዳም።

«ብርቄ፣ አንቺ ለምኛት። እንግዳ ነሽ። ማሚ እንግዳ እምቢ አትልም።»

«መኪና ለምን ክብ እንደሚዞር አልገባኝም» አልኩት። «ግን እጠይቃለሁ።»

ዓርብ

እትዬ እንቅልፋቸውን ጨርሰው ሲነሱ ሽሮ ሠሩ። ገበታው ቀረበ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ተቀመጪ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

«ጉዳይ አለኝ፣ እትዬ። ሳይፈጽሙልኝ እህል አልቀምስም።»

እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። ትልልቅ ሰዎች ሲሉ የሰማሁት ነው። እሳቸውም ጭልፋውን አስቀመጡ።

«ዳዊት ነው የላከሽ።»

«አዎ።»

«እኔ ወንድሜን ምን እንደገደለው አልረሳሁም። ከቤተ ክርስቲያን አምስት ሰዎች በጠዋት መጥተው፣ እዚህቺ ሶፋ ላይ አስቀምጠው ነው ያረዱኝ። ከሞተ በሃያ ቀኑ። ‹ሲበር ነው፣ ፍጥነት ነው› አሉኝ። ልጄ ደግሞ መብረር አማረው። ምን ላድርግ?»

ጭልፋውን መልሰው አነሱና ቀጠሉ።

«የሞተው አባትሽ ነው። ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ነገ ሂጂና እይው። አይተሽ ይፈታ ካልሽ፣ እሑድ ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ አስፈታለሁ። አይፈታ ካልሽ ሁለታችሁም ሁለተኛ እንዳታነሱብኝ። አሁን ብዪ።»

ተቀምጬ በላሁ።

እዚህ ላይ እውነቱን መጻፍ አለብኝ። አባቴ አልበረረም። ከኋላው ሲከተለው የነበረ ሾፌር ለቅሶ ላይ ነግሮናል። መኪናው በአርባ፣ ቀስ እያለ፣ ማንም ሳይነካው ወደ ዳር ወጣና ገደል ገባ፤ የፍሬን መብራት እንኳ አልበራም። አባቴ ሦስት ሌሊት አልተኛም ነበር። እናቴ ግን «ተኝቶ ነው» እንዲባል አልፈለገችም። ተኛ ማለት ጥፋቱ የራሱ ነው ማለት መሰላት፤ ፍጥነት ግን የሾፌር ሁሉ አመል ነው። አሜሪካ መርዶ ሲላክ ፍጥነት ተብሎ ተላከ። እኔ ያኔ ስልኩ አጠገብ ቆሜ እሰማ ነበር። ውሸት አትችይም ያሉኝ ሴትዮ ፊት ቁጭ ብዬ፣ ያን ቀንም ዝም አልኩ። ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር።

ቅዳሜ

ዳዊት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቶ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ተኝቶ መጣ። ሁለት ቆርቆሮ የሚያነቃ መጠጥ በላይ በላዩ ጠጣ። ማርቪን በፒካፑ ሰባ ሰባትን ጭኖ ፊት ፊት ሄደ፣ እኛ በኮሮላ ተከተልን። ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ዛፍ፣ ከብት የሌለበት ሣር፣ ደግሞ ዛፍ።

ቦታው የአፈር ሜዳ ነው፣ እንደ እንቁላል ሞላላ፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ግንብ የታጠረ። ሰው ተጣጣፊ ወንበሩን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። እኛ አልያዝንም። ከጎናችን የነበሩ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሴትዮ ጠጋ ብለው ብርድ ልብሳቸውን ሳንቃው ላይ ዘርግተው አስቀመጡን። ከዚያ ጆሮዬን አዩና ከቦርሳቸው ሁለት የስፖንጅ ቡሽ አውጥተው ሰጡኝ። ዳቦም ሰጡኝ፤ ዳዊት ከፈት አድርጎ አየና «ፖርክ ነው፣ አሳማ» አለኝ። ሥጋውን አውጥቼ ዳቦውን በላሁ። ሴትዮዋ ያንን ሲያዩ ከብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ኮምጣጣ ኪያር አውጥተው በሥጋው ምትክ ከተቱልኝ።

እሽቅድምድም እንዲህ ነው። አሥራ ስምንት መኪና ይነሳል፣ ይዞራል፣ የነበረበት ይመለሳል፣ እንደገና ይዞራል። ድምፁን በቡሽ ውስጥ እንኳ በጥርሴ እሰማው ነበር። እርጥብ ጭቃው እየተፈነጠረ ግንቡን ይመታል። ጥምዝ ላይ ሁሉም ወደ ጎን ይንሸራተታሉ፣ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ፣ ጭራቸው ወደ ውጪ፤ የወደቁ ሲመስሉ ይወጣሉ። አምስተኛው ዙር ላይ እኔም ቆሜ ነበር፤ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም።

ዳዊትን አየሁት። አያጨበጭብም፣ አይጮህም። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጥምዝ በመጣ ቁጥር እጆቹ ትንሽ ትንሽ ይዞራሉ። ግራ፣ መልሶ ቀኝ፣ ግራ። ግዝቱ በአየር ላይ ያለ መሪን አይመለከትም መሰለኝ።

አሥራ አንደኛው ዙር ላይ ሠላሳ አንድ ቁጥር ከግንቡ ተላትሞ ሦስት ጊዜ ተገለበጠ። ሁሉም መኪና ቆመ። ሴትዮዋ ኩባያቸውን ሳንቃው ላይ አስቀምጠው ተነሱ። ዳዊት ጆሮዬ ላይ «ባሏ ነው» አለኝ። «ሰባ ዓመቱ ነው።»

አቧራው ሳይሰክን አምቡላንሱ ደርሷል። ሁለት ሰዎች የመስኮቱን መረብ ፈቱ፣ ቀበቶውን ፈቱ፣ ሽማግሌው በራሳቸው እግር ወጡና እጃቸውን አወዛወዙ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሴትዮዋ ተቀምጠው ኩባያቸውን አንስተው ጠጡና አንድ ነገር አሉ። ዳዊት ተረጎመልኝ። «ሰኞ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለው፤ ይኼን ምክንያት አድርጎ እንዳይቀር ነው የምፈራው።»

አባቴን ከጋቢናው ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጅቷል። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ ይህን ብቻ አሰብኩ።

ማርቪን ዘጠነኛ ወጣ። ሾኩን ቀይረውት ነበር።

የተነሳነው አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ፀሐይዋ በግራ በኩል ትሞቃለች። ዳዊት ስለ ዘጠነኛነት ያወራል፣ ያወራል፣ ከዚያ ወሬው አጠረ፣ ከዚያ «ም» ብቻ ማለት ጀመረ። የሀይዌዩ ዳር ላይ ጎማ ሲነካው እንዲያንጓጓ ተደርጎ የተቦረቦረ መስመር አለ። በድንገት መኪናው በሙሉ ግርርር አለ። ዞር ስል ዓይኑ ተከድኗል። ፊቱ ሰላማዊ ነው፤ እጁ መሪው ላይ እንዳለ ነው፣ መኪናው ቀስ እያለ ወደ ዛፉ ይሄዳል። መሪውን ይዤ ሳብኩት።

«ዋት? ምንድነው?»

«ተኝተህ ነበር።»

«አልተኛሁም።»

«አውጣኝ። አሁን። ማደያ ፈልግና ቁም።»

ቆመ። ማርቪንም ከኋላ አይቶን ኖሮ ተከትሎ ገባ። ቁልፉን ተቀበልኩ። ፈቃዴ የናዝሬት ነው፣ ሦስተኛ ደረጃ ነው፣ ካሚዮን ነድቻለሁ። አውቶማቲክ ግን ነድቼ አላውቅም። ከማደያው ስወጣ ማርሽ ልቀይር ብዬ በግራ እግሬ ፍሪሲዮን ረገጥኩ። ፍሪሲዮን የለም፤ የረገጥኩት ፍሬን ነው። ዳዊት ከወንበሩ ተወርውሮ ቀበቶው ያዘው።

«ብርቄ! ኦ ማይ ጋድ!»

«ተኛ» አልኩት።

ተኛ። ከዚያ ጀምሮ ግራ እግሬን ወንበሩ ሥር አጥፌ ተቀመጥኩባት ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ አለፈኝ። ማርቪን ግን አላለፈኝም፤ እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ አራቱንም መብራት እያብለጨለጨ ከኋላዬ መጣ፣ ሰባ ሰባትን ጭኖ፣ እንደ ሰርግ አጃቢ። ዳዊት አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ ሰማሁት። እናቱን መሪው ላይ ግንባራቸውን ደፍተው ማየቴ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

እሑድ

ከአሌክሳንድሪያ ማታውን በባቡር ተመልሼ ነበር፤ ጠዋት ፓርኪንግ ወርጄ ጠበቅኋቸው። በሰዓታቸው መጡ፣ ሞተሩን አጠፉ፣ ግንባራቸውን ደፉ። ትንሽ ቆየሁና መስታወቱን አንኳኳሁ። ደንግጠው ቀና አሉ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» ብለው በሩን ከፈቱልኝ። ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«ተኝተው ነበር።»

«ጸሎት እያደረስኩ ነው።»

«በመስታወቱ ይሰማል፣ እትዬ። ያንኮራፋሉ።»

ፈገግ ሊሉ ፈለጉና ፊቴን ሲያዩ ተዉት። «ልጄ ምን ሆነ?»

«ምንም። ውድድሩ ላይ መኪና ተገልብጦ ሰውዬው በእግሩ ሲወጣ አየሁ። እዚያ ምንም አላስፈራኝም። ስንመለስ ግን ዳዊት ሲነዳ ተኛ።»

እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ። እጃቸውን ሳያነሱት ቀጠልኩ፤ ካቆምኩ እንደማልጨርስ አውቃለሁ።

«አባዬንም ፍጥነት አልገደለውም። ሦስት ሌሊት አልተኛም ነበር። ተኝቶ ነው የሄደው።»

«ማን አለ?»

«ከኋላው የነበረው ሾፌር።»

«ታዲያ ማነው ፍጥነት ያለኝ?»

«እኛ።»

«አንቺም?»

«እኔም። ዝም አልኩ፣ ያው ነው።»

አላለቀሱም። የፊቱን መስታወት ብቻ ያዩ ነበር። «በስንት ይሄድ ነበር?» አሉኝ።

«በአርባ።»

«በአርባ» አሉ። «እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ልጄን ቀስ በል ስል።»

አንዲት ሴትዮ ውሻዋን እየጎተተች በፊታችን አለፈች። እትዬ በእጃቸው ሰላም አሏት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ይፈታ ነው የምትዪው?»

«ይፈታ። ግን በምትኩ ከሌሊት ሥራ ወጥቶ መንዳትን ይግዘቱበት። በገብርኤልም ይሁን በሌላ።»

ይህን ሌሊት ሁሉ ሳስብበት ያደርኩት ነው፤ ጥሩ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼንን አልገዝትም።»

«ለምን?»

«እኔ የማልጠብቀውን በልጄ ላይ አልጥልም። እኔስ በምን እመለሳለሁ?»

ከጌይተርስበርግ በዚያ ሰዓት የሚያመጣቸው አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ የቀኗ አሮጊት ደግሞ ትጠብቃለች።

ከዚያው ነጠላቸውን ከኋላ ወንበር አነሱና ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የነዳሁት እኔ ነኝ፣ ግራ እግሬን አጥፌ። ዳዊት በስልክ ተጠርቶ መጣ። ንስሐ አባታቸው ሳል ያለባቸው ቀጭን ካህን ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል። እሳቸውም ሌሊት ፓርኪንግ ሲጠብቁ እንደሚያድሩ እትዬ በኋላ ነገሩኝ። ነገሩን ሰምተው «መኪና ለመንዳት ነው?» ብለው ዳዊትን አዩት። «አዎ፣ አባ» አለ። መስቀሉን ግንባሩ ላይ አድርገው ፈቱት። ከዚያ በዝግታ፣ «ከመንዳትህ በፊት ግን ተኛ» አሉት። እኔ አልነገርኳቸውም፤ እትዬም አልነገሯቸውም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስንወጣ ዳዊት «ብርቄ፣ ምን ብለሻት ነው?» አለኝ። እናቱን እንዲጠይቅ ነገርኩት። ሲጠይቃቸው አላየሁም። የሆነ ቀን ጠይቋል መሰለኝ፤ ለመጨረሻው ውድድር የዓርብን ሌሊት ፈቃድ ጠይቆ ወስዷል።

ከዚያ በኋላ

የቀረው ሁለት ሳምንት የጉዞ ማስታወሻ የሚሆን ነገር የለውም። ሎረል የምትባል ከተማ አንድ ዘመድ ቤት ክትፎ በላሁ፣ ሁለት ጊዜ ባቡር አለፈኝ፣ ጃኬት ገዛሁ። ስመለስ ሁለቱም ሻንጣ እንደገና የሰው ነበር፤ ቪታሚን፣ ጫማ፣ የሕፃን ወተት።

ዳዊት ተወዳደረ። ከአሥራ ሰባት መኪና አሥራ አራተኛ ወጣ። እትዬ ሄደው ነበር። ዳዊት በስልክ እንደነገረኝ ግን አንድም ዙር አላዩም፤ ቡሹን ጆሯቸው ውስጥ ከተው፣ ፀጉራቸው የነጣው ሴትዮ ብርድ ልብስ አልብሰዋቸው፣ ያ ሁሉ ጩኸት መሀል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተኝተው ነበር።

እዚያ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን እዚህ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። እትዬ ከሥራ ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ይደውሉልኛል። ሐሳቡ የኔ ነው። ስልኩን መኪናው ላይ ሰክተው ይነዳሉ፣ እኔ ሱቁ ውስጥ ቆሜ አወራለሁ። ስለ ጎረቤት፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ፍሬን ሸራ ዋጋ፣ ያገኘሁትን ሁሉ። መልሳቸው «ም» ብቻ ሲሆን እጮህባቸዋለሁ፤ ደንበኛ ካለም እጮሃለሁ። ባለሱቁ መጀመሪያ ተቆጥቶኝ ነበር። አሁን ለምዶ፣ ድምፄ ዝቅ ሲል «ምነው፣ ተኙ እንዴ?» ይለኛል።

አርባ ደቂቃው ሲያልቅ፣

«ደረሱ?» እላቸዋለሁ።

«ደረስኩ።»

«ያጥፉት።»

ሞተሩ ሲጠፋ ይሰማኛል። ምሳዬን የምበላው ከዚያ በኋላ ነው።